ከወህኒ ቤት ወደ ማይክሮፎን፦ የጎርደን ሊዲ ሁለተኛ ሕይወት

(በቴሌቪዥን የቀረበ የታሪክ ትንታኔ፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ። ቀኖቹና ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አሜሪካዊ ነው። ሰውየው በፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ዘመን የፖለቲካ ስለላና የቤት ሰበራ ዕቅድ አውጥቶ ተያዘ፤ ተፈርዶበትም ታሰረ። የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ። በሕግ ዓይን ያለቀለት ሰው ነበር። ይሁንና ከእስር በወጣ በ15 ዓመቱ ከዋሽንግተን አጠገብ የሬዲዮ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ፣ በመላው አሜሪካ ለሚያዳምጡት ሰዎች ስለ ሕግ፣ ስለ መንግሥትና ስለ አገር ፍቅር ያስተምር ጀመር። ስሙ ጆርጅ ጎርደን ባትል ሊዲ ይባላል።

“የአንድ ፈረንጅ ታሪክ ለእኛ ምን ይረባናል?” የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። የሚረባበትን ምክንያት ወደ መጨረሻው ላይ እናገኘዋለን። ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ ልበል። በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጆሯችንን ለማይክሮፎን የሰጠን ሕዝብ ነን። በመኪናችን፣ በሥራ ቦታችን፣ ማታ ቤታችን ስንገባ እናዳምጣለን። ስለዚህ ከማይክሮፎኑ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ከየት እንደመጣ መጠየቅ የእኛም ጉዳይ ነው።

ሊዲ በ1930 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደ። ያደገው በኒው ጀርሲ ነው። ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ እንደሚነግረን በልጅነቱ ፈሪና በሽተኛ ነበር። ያንን ፍርሃት ለማሸነፍ ብሎ አይጥ አብስሎ እስከመብላት ደርሷል። በኋላም እጁን እሳት ላይ ይዞ ሥጋው ሲቃጠል ሳይንቀሳቀስ መቆየትን የጀግንነት መለኪያ አደረገው። ከዚህ ሁሉ ለዛሬው ርዕሳችን የሚቀርበው ግን ሌላ ትዝታው ነው። በ1930ዎቹ፣ ቤታቸው ትሠራ ከነበረች ጀርመናዊት ጋር ሆኖ የሂትለርን ንግግር በሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ያ ድምፅ ደካማውን ልጅ ብርቱ የሆነ ያህል እንዲሰማው እንዳደረገው ጽፏል። ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ የሬዲዮ ድምፅ የአንድን ሕፃን ልብ ምን ያህል ሊይዝ እንደሚችል ሊዲ ገና በልጅነቱ በራሱ ላይ አይቶታል ማለት ነው።

ከፎርደም ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በኮሪያ ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ጦር ውስጥ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ቢያገለግልም ወደ ጦር ግንባሩ አልዘመተም። ከዚያ ሕግ ተማረ፤ ከ1957 እስከ 1962 የኤፍ.ቢ.አይ. ባልደረባ ሆነ። ቀጥሎም በኒው ዮርክ ግዛት በደቸስ አውራጃ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሠራ። በ1966 ኤል.ኤስ.ዲ. የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ በመስበክ ስሙ የገነነውን የቀድሞ የሃርቫርድ መምህር ቲመቲ ሊሪን ለመያዝ በተካሄደው ፍተሻ ተሳተፈ። በ1968 ለኮንግረስ ለመወዳደር ቢሞክርም በራሱ ፓርቲ የቅድመ ምርጫ ውድድር ተሸነፈ። ነገር ግን ለኒክሰን ዘመቻ መሥራቱ በር ከፈተለት። በ1971 ዋይት ሐውስ ገባ።

እዚያ የተመደበው “ቧንቧ ሠራተኞቹ” ከሚባለው ቡድን ጋር ነበር። ስሙ የወጣው ከሥራቸው ነው። ከመንግሥት ጓዳ ወደ ጋዜጠኞች የሚያፈስሰውን ምስጢር መድፈን ነበር የተሰጣቸው ኃላፊነት። በዚያ ዓመት ዳንኤል ኤልስበርግ የተባለ ሰው ስለ ቬትናም ጦርነት የተጻፉትን ምስጢራዊ የፔንታገን ሰነዶች ለጋዜጦች ሰጥቶ ነበር። ሊዲና የቀድሞው የሲ.አይ.ኤ. ሰው ሃዋርድ ሀንት ኤልስበርግን የሚያዋርድ ነገር ለማግኘት ሲሉ በሴፕቴምበር 1971 የሥነ አእምሮ ሐኪሙን ቢሮ አሰበሩ። የተሰበረው የጠላት አገር ኤምባሲ አልነበረም፤ የአንድ ዜጋ ሐኪም ቤት ነበር።

በዚህ አላበቃም። በ1971 መጨረሻ ሊዲ የኒክሰን ዳግም ምርጫ ኮሚቴ የሕግ አማካሪ ሆኖ ተዛወረ። በጃንዋሪ 27 ቀን 1972 የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በነበሩት በጆን ሚቼል ቢሮ ተገኝቶ፣ በሰሌዳ ላይ በተሣሉ ሥዕሎች እየተረዳ የ1 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ አቀረበ። ዕቅዱ የተቃውሞ ሰልፍ መሪዎችን አፍኖ ወደ ሜክሲኮ መውሰድን፣ የዴሞክራት ፖለቲከኞችን በሴተኛ አዳሪዎች ማጥመድን፣ ስልክ መጥለፍንና ቢሮ መስበርን ይጨምር ነበር። እስቲ አስቡት! ይህ ሁሉ የሚነገረው ለአገሪቱ ዋና የሕግ አስከባሪ ነው። ሚቼል ተናጋሪውን ከቢሯቸው አላባረሩም፤ አላሳሰሩም። በዋጋው ላይ ግን ቅሬታ ነበራቸው። ዕቅዱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን፣ ከዚያም ወደ 250 ሺህ ዶላር ወረደ። በመጨረሻ ማን እንደፈቀደው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የኮሚቴው ምክትል ኃላፊ ጄብ ማግሩደር ሚቼል ፈቅደዋል ብሎ መሰከረ፤ ሚቼል ደግሞ እስኪሞቱ ድረስ ካዱ።

ተከታዩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሊዲ ሰዎች በሜይ ወር መጨረሻ ዋተርጌት በተባለው ሕንፃ ውስጥ ወዳለው የዴሞክራቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ቢሮ ገብተው የስልክ መጥለፊያ ተከሉ። እንደፈለጉት አልሠራላቸውም። ሊያስተካክሉ ተመለሱ። ጁን 17 ቀን 1972፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. ሌሊት፣ አምስት ሰዎች እጅ ከፍንጅ ተያዙ። ሊዲና ሀንት አጠገብ ካለው ሆቴል ሆነው ይመሩ ነበርና ለጊዜው አመለጡ።

ሌቦቹን ያስያዘው ኤፍ.ቢ.አይ. አይደለም፤ ሲ.አይ.ኤ.ም አይደለም። ፍራንክ ዊልስ የተባለ፣ በሳምንት 80 ዶላር የሚከፈለው የ24 ዓመት ጥቁር የሌሊት ዘበኛ ነው። በሩ እንዳይቆለፍ ቁልፉ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር አየ። ሠራተኞች ረስተውት ይሆናል ብሎ ላጠው። ሁለተኛ ዙር ሲመለስ እንደገና ተለጥፎ አገኘው። ስልክ አንሥቶ ፖሊስ ጠራ። ይኸው ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በዋተርጌት ጉዳይ ብዙዎቹ ተናገሩ፤ ራሳቸውን ለማዳን አንዱ ሌላውን አሳልፎ ሰጠ። ሊዲ ግን ዝም አለ። ለዐቃቤ ሕግ፣ ለጁሪው፣ ለኮንግረስ አልናገርም አለ። እንዲያውም ለፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪ ለጆን ዲን፣ “ልታስገድሉኝ ከፈለጋችሁ የት መንገድ ላይ መቆም እንዳለብኝ ንገሩኝ” ማለቱን ሁለቱም ተርከውታል። ዳኛ ጆን ሲሪካ በማርች 1973 ከ6 ዓመት ከ8 ወር እስከ 20 ዓመት የሚደርስ እስራትና የ40 ሺህ ዶላር መቀጮ ፈረዱበት።

በነገራችን ላይ፣ በሜይ 1973 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን መጥተው ከኒክሰን ጋር ተነጋግረዋል። በዚያው ወር የሴኔቱ የዋተርጌት ምርመራ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ኒክሰን ኦገስት 9 ቀን 1974 ሥልጣን ለቀቁ። አምስት ሳምንት ሳይሞላ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱም ወረዱ። አንዱ አገር መሪውን በምርመራ፣ በፍርድ ቤትና በሕዝብ ፊት በተሰጠ ምስክርነት ሲያወርድ፣ ሌላው አገር በቮልስዋገን መኪና ወሰደ። ልዩነቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ወደ ሊዲ ልመለስ። በኤፕሪል 1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፣ ቅጣቱ ከግብረ አበሮቹ ጋር ሲነጻጸር የበዛ ነው በማለት ወደ 8 ዓመት ዝቅ አደረጉለት። ሴፕቴምበር ላይ ከእስር ወጣ። በጠቅላላው 52 ወራት ያህል ታስሯል፤ ከዋተርጌት ፍርደኞች ሁሉ የረጅም ጊዜ እስረኛ እርሱ ነው።

ሲወጣ ዕዳ እንጂ ሥራ አልነበረውም። የሚሸጠው አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ ስሙን። “ዝምታ ወርቅ ነው” እንላለን እኛ። የሊዲ ዝምታ ቃል በቃል ወርቅ ሆነ። በ1980 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ መጽሐፉ በብዛት ተሸጠ፤ በ1982 ለቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። በየዩኒቨርሲቲው እየተጋበዘ ንግግር ያደርግ ጀመር። ራሱ ካስያዘው ከቲመቲ ሊሪ ጋር እየተከራከሩ ከተማ ለከተማ ዞሩ፤ ክርክራቸውም ዘጋቢ ፊልም ተሠራበት። በቴሌቪዥን ድራማዎች ላይ ወንጀለኛ ሆኖ ተወነ። አሳዳጁና ተሳዳጁ በአንድ መድረክ ትኬት ሲሸጡ ማየት በአሜሪካ አይገርምም። በዚያ አገር ውርደትም ገበያ አለው።

በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ኑዛዜ መሰል ወሬዎች አንዱን በተለይ ልጥቀስ። በ1972 እርሱና ሀንት ጃክ አንደርሰን የተባለውን ታዋቂ የጋዜጣ አምደኛ ስለመግደል ተመካክረው ነበር። እንዴት ቢሞት አደጋ እንደሚመስል ከአንድ የቀድሞ የሲ.አይ.ኤ. ሐኪም ጋር ተወያይተዋል። ዕቅዱ ተሰረዘ እንጂ ሊዲ እርሱ ራሱ ለመፈጸም ዝግጁ እንደነበር ጽፏል። ይህንን የጻፈው በጸጸት አይደለም። ጋዜጠኛ ለመግደል የመከረ ሰው በኋላ በጋዜጠኞች መብት ጥላ ሥር መጠለሉን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ሬዲዮው እንግባ።

ሊዲ ማይክሮፎን ለመያዝ የበቃው በራሱ ብልሃት ብቻ አይደለም። ሕጉም ተለውጦለታል። ከ1949 ጀምሮ የአሜሪካ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ጣቢያዎች አከራካሪ በሆኑ የሕዝብ ጉዳዮች ላይ የተለያዩ ወገኖችን አስተያየት እንዲያስተናግዱ የሚያስገድድ መመሪያ ነበረው። በ1987 ኮንግረስ መመሪያውን ሕግ ሊያደርገው ሲል ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን ውድቅ አደረጉት፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ መሥሪያ ቤቱ መመሪያውን አነሣ። ከዚያ በኋላ አንድ ጣቢያ ከጥዋት እስከ ማታ አንድ ወገን ብቻ ቢያናግር ጠያቂ የለውም። በ1988 ረሽ ሊምቦ በአገር አቀፍ ደረጃ ጀመረ። ቁጣ አድማጭ እንደሚያመጣ፣ አድማጭ ማስታወቂያ እንደሚያመጣ ታወቀ።

ሊዲ በ1992 ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ በቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ከሚገኝ ደብሊው.ጄ.ኤፍ.ኬ. ከተባለ የኤፍ.ኤም. ጣቢያ ማሠራጨት ጀመረ። በተከታዩ ዓመት ፕሮግራሙ በመላ አገሪቱ ይሰማ ጀመር፤ በደመቀበት ጊዜ ከ200 በላይ ጣቢያዎች ያሠራጩት ነበር። አድማጮቹ “ጂ-ማን” ይሉታል፤ ይህ የኤፍ.ቢ.አይ. ባልደረቦች የጥንት ቅጽል ስም ነው። ሰውየው ድምፁ ጎርናና፣ ቋንቋው የተማረ፣ ቀልዱ የተሳለ ነበር። የተፈረደበት በመሆኑ በሕግ ጠመንጃ መያዝ አይችልም። ባለቤቱ ግን በርካታ ጠመንጃዎች እንዳሏት፣ አንዳንዶቹንም የምታስቀምጠው በእርሱ የአልጋ ወገን እንደሆነ እየነገረ ያስቃቸው ነበር። ቀልዱ ያስቃል። መልእክቱ ግን “ሕግ ለሞኝ ነው” የሚል ነው።

ያ ዘመን ቀልድ ብቻ የሚበዛበት አልነበረም። በ1992 በአይዳሆ ሩቢ ሪጅ፣ በ1993 ደግሞ በቴክሳስ ዌኮ የፌደራል ፖሊሶች ከታጠቁ ዜጎች ጋር ተጋጭተው ሰው አልቋል። በዌኮ ሴቶችና ሕፃናት በእሳት ሞተዋል። በመንግሥት ላይ የነበረው ቁጣ እውነተኛ ምክንያት ነበረው፤ ይህን መካድ አይገባም። ሊዲ ግን ያንን ቁጣ ምን አደረገው? በኦገስት 1994 በሬዲዮው፣ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሰዎች ታጥቀው ትጥቅ ሊያስፈቱ ከመጡ በመሣሪያ ተከላከሉ፤ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ስለሚለብሱ ጭንቅላታቸውን ምቱ አለ። በሌላ ጊዜም የፕሬዚዳንት ክሊንተንንና የባለቤታቸውን ምስል የተኩስ መለማመጃ ዒላማ እንዳደረገ ተናገረ።

ኤፕሪል 19 ቀን 1995፣ ዌኮ በተቃጠለ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ቲመቲ ማክቬይ የተባለ የቀድሞ ወታደር በኦክላሆማ ከተማ የፌደራል ሕንፃ ደጃፍ ፈንጂ የጫነ መኪና አፈነዳ። 168 ሰዎች ሞቱ፤ 19ኙ ሕፃናት ነበሩ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሊዲ በዚህ ወንጀል እጁ የለበትም፤ አልተከሰሰምም። ማክቬይ ያንን ያደረገው ሊዲን ሰምቶ ነው የሚል ማስረጃ የለም። በስሜት ተነሥተን አንዱን በሌላው ኃጢአት ብንወነጅል እኛም ከምንተቸው ሰው አንሻልም። ጥያቄው ሌላ ነው። 168 ሰው በሞተበት ሳምንት፣ ከዚያ በፊት “ጭንቅላታቸውን ምቱ” ያለ ሰው ምን ማለት ነበረበት?

ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከፍንዳታው አምስት ቀን በኋላ በሚኒያፖሊስ ባደረጉት ንግግር፣ በአየር ሞገድ ጥላቻ የሚያሠራጩ ድምፆችን ወቀሱ፤ የማንንም ስም ግን አልጠሩም። ጋዜጠኞች ወደ ሊዲ ሄዱ። እርሱም የተናገርኩት ያለ ሕግ በር ሰብሮ እየተኮሰ ስለሚገባ ሰው ነው፤ ራስን መከላከል ነው አለ። ቀጥሎም ጭንቅላት ለመምታት እንደሚያስቸግር ገልጾ፣ ከወገብ በታች ማነጣጠር እንደሚሻል አስረዳ። አንዳንድ ጣቢያዎች ፕሮግራሙን አቋረጡ። በዚያው ዓመት ግን የሬዲዮ ውይይት አዘጋጆች ብሔራዊ ማኅበር የመናገር ነፃነት ሽልማት ሰጠው።

ሕጉስ ምን ይላል? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ብራንደንበርግ በተባለው መዝገብ በሰጠው ውሳኔ መሠረት በአሜሪካ ንግግር የሚያስቀጣው፣ ወዲያውኑ የሚፈጸም ሕገ ወጥ ድርጊት ለመቀስቀስ የታሰበና ድርጊቱንም የማስከተል ዕድል ያለው ሲሆን ነው። “ከመጡ፣ እንዲህ ካደረጉ” የሚል ንግግር በዚህ መለኪያ አያስከስስም። እኔ በበኩሌ መለኪያው ጥሩ ነው እላለሁ። መንግሥት የማይወደውን ንግግር ሁሉ “ቅስቀሳ” እያለ በሚያስርበት አገር ያደግን ሰዎች የዚህን መለኪያ ዋጋ ከማንም በላይ እናውቃለን። ነገር ግን ሕግ የማይከለክለው ሁሉ ነውር አይደለም ማለት አይደለም። በሕግና በይሉኝታ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሊዲ የነገደው በዚያ ሜዳ ላይ ነው።

በሌላ በኩል፣ በዋተርጌት ዋዜማ ምን እንደተፈለገ የሚናገር አዲስ ትርክትም ያሠራጭ ነበር፤ ከዴሞክራቶቹ ቢሮ ጋር የሴተኛ አዳሪዎች ጉዳይ እንዳለ ተናገረ። በቢሮው ጸሐፊ የነበረች ሴት ስሜ ጠፋ ብላ ከሰሰችው። በ2001 ጁሪው መስማማት አቃተው፤ በ2002 በድጋሚ ሲታይ ሊዲ ረታ። ያን ያህል ዓመት ለፍርድ ቤት አንዲት ቃል አልሰጥም ያለው ሰው፣ ማይክሮፎን ሲያገኝ በሌሎች ላይ ለመናገር አልቸገረውም።

ሊዲ ብቻውን አይደለም። በኢራን-ኮንትራ ቅሌት የተፈረደባቸውና ፍርዱ በይግባኝ የተነሣላቸው ኮሎኔል ኦሊቨር ኖርዝ በ1994 በቨርጂኒያ ለሴኔት ተወዳድረው ተሸነፉ፤ በ1995 የሬዲዮ ፕሮግራም ጀመሩ። ሌላኛው የኒክሰን ሰው ቻርልስ ኮልሰን ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ጥፋቱን አምኖ ሰባት ወር ታሰረ፤ ሲወጣ በ1976 እስረኞችን የሚረዳ መንፈሳዊ ድርጅት አቋቋመ። በኋላ እርሱም የሬዲዮ ዝግጅት ነበረው። ስለዚህ ነገሩ ማይክሮፎን መያዝና አለመያዝ አይደለም። አንዱ ወደ ማይክሮፎኑ የመጣው “በድያለሁ” ብሎ ነው። ሌላው የመጣው “ዛሬም ቢሆን እንደገና አደርገዋለሁ” እያለ ነው። ሁለቱም አድማጭ አገኙ። አለመጸጸቱን ጌጥ አድርጎ የለበሰው ግን ሊዲ ነው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ስም ልመለስ፤ ፍራንክ ዊልስ።

ያ ዘበኛ ለጥቂት ጊዜ ተወደሰ። በ1976 በወጣው የዋተርጌት ፊልም ላይ ራሱን ሆኖ ታየ። የረባ የደመወዝ ጭማሪ ስላላገኘ ሥራውን ለቆ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቋሚ ሥራ አላገኘም። በ1983 አንድ ጥንድ ጫማ ሰርቀሃል ተብሎ አንድ ዓመት ተፈረደበት። ወደ ደቡብ ተመልሶ እናቱን ያስታምም ነበር። እናቱ ሲሞቱ የሚቀብርበት ገንዘብ ስላልነበረው አስከሬናቸውን ለሕክምና ምርምር እንደሰጠ ተዘግቧል። እድር ያለን ሕዝብ ይህን ስንሰማ አንጀታችን ይላወሳል። ዊልስ በሴፕቴምበር 2000 በ52 ዓመቱ ድሃ ሆኖ ሞተ።

ሊዲ በሬዲዮ እስከ ጁላይ 2012 ቆየ። ማርች 30 ቀን 2021 በ90 ዓመቱ በቨርጂኒያ፣ በልጁ ቤት አረፈ። ታላላቆቹ ጋዜጦች ረጅም ሐተታ ጻፉለት። ሰባሪው የወርቅ ነጋዴዎች ማስታወቂያ እየሠራ ሲያረጅ፣ በሩን የጠበቀው እናቱን መቅበሪያ አጣ። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ይላሉ አባቶቻችን። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ወጊው አልረሳም፤ በየቀኑ እያወራ ይነግድበት ነበር። የረሳው አድማጩ ነው።

እንግዲህ ለእኛ ምን ይረባናል ወደሚለው ደርሰናል።

በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ ሌሊት መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ በሆቴልና በቢሮ ሕንፃዎች የጥበቃ ሥራ የሚሠሩ ወገኖቻችን ስንት ናቸው? የፍራንክ ዊልስ ወንበር ዛሬ የእኛ ወንበር ነው። ያንን ወንበር ይዘን በጆሯችን የምናደምጠው ግን ብዙ ጊዜ የሊዲን ዓይነት ሰው ነው። በየሥርዓቱ የሠሩ፣ የፈረሙ፣ ያሳሰሩ፣ ሰነድ ያጋዙ ሰዎች ከሥልጣን ሲወርዱ ወይም ሲባረሩ ማይክሮፎን ይይዛሉ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት ዛሬ ተለውጧል። ሲሾም የበላ፣ ሲሻር በዩቲዩብ ይበላል። ትናንት ያሳሰረ፣ ዛሬ የታሳሪ ጠበቃ ነኝ ይላል። ይህን የምለው አንዱን ወገን ለይቼ አይደለም፤ ከየጎራው አለ።

ሰው አይለወጥም እያልኩ አይደለም። ይለወጣል። የሠራውን ስህተት በግልጽ ተናግሮ፣ የበደለውን ይቅርታ ጠይቆ የመጣ ሰው ከማንም የተሻለ መምህር ሊሆን ይችላል፤ ጓዳውን ያውቀዋልና። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ከማንም አንንጠቅ፤ ጥያቄውን ግን እንጠይቅ። ከዚህ ወንበር በፊት የት ነበርክ? እዚያ ሳለህ ምን ሠራህ? ለዛሬው ንግግርህ የሚከፍልህ ማነው? “ተነሥ፣ ምታ፣ አትመለስ” ስትል፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው፤ አንተ ነህ ወይስ በጎንደር፣ በአምቦ፣ በመቀሌ ያለው የሰው ልጅ? የተናገርከው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ በዚያው ድምፅህ፣ በዚያው ሰዓት ታርመዋለህ?

ይህን የማይጠይቅ አድማጭ ምን እንደሚገጥመው ከሩዋንዳ በላይ ምስክር የለም። በ1993 ሙዚቃና ቀልድ ይዞ የጀመረ ሬዲዮ በዓመቱ የሚገደሉትን ስምና አድራሻ ያነብ ነበር። ሊዲ እዚያ አልደረሰም፤ የአሜሪካ ተቋማትም እዚያ አያደርሱም ነበር። ፍርድ ቤት አለ፤ ሌሎች ጣቢያዎች አሉ፤ ጠያቂ ጋዜጠኛ አለ። የእኛ አገር አጥር ግን ስስ ነው። አሜሪካን ቀልድ የሚመስላት ንግግር እኛ ዘንድ ቤት ያቃጥላል። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል። አዋጅ ግን የሚመዘነው በሚሠራበት እጅ ነው፤ ያ እጅ ወደ ተቺ ጋዜጠኛ ሲዞርም አይተናል። ስለዚህ ዋናው አጥር አድማጩ ነው፤ እናንተ ናችሁ።

“ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች” ይባላል። ምላስ አጥንት ለመስበር ጆሮ ያስፈልጋታል። ጆሯችንን የምንሰጠው ሰው ማን እንደሆነ እንወቅ። ጎርደን ሊዲ ለ20 ዓመት የተናገረው አድማጭ ስለነበረው ነው። ፍራንክ ዊልስን ማንም መጥቶ “እስቲ አንተ ንገረን” አላለውም። እኛ መካከል ያሉትን ዊልሶች፣ አይተው ስልክ ያነሡትን፣ መስክረው ሥራ ያጡትን፣ እውነት ተናግረው ብቻቸውን የቀሩትን፣ በሕይወት ሳሉ ማይክሮፎን እንስጣቸው።

ለዛሬ በዚህ አበቃሁ። ሰላም ሁኑ።